ባህሩ ቤት ሲወስድ ሕዝቡ ለምን መንግሥትን ይቆጣል?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂያችን በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ከባህሩ ብዙም በማይርቅ መንደር ይኖራሉ። የአካባቢው ምክር ቤት የባህር ዳርቻውን ወደፊት እንዴት ማስተዳደር እንደሚገባ የነዋሪውን አስተያየት የሚጠይቅ ቅጽ በየቤቱ አድርሷል። ጎረቤቶቻቸው ግን ቅጹን አይተው ተቆጥተዋል፤ ሳይሞሉ የቀደዱትም አሉ። «እኔ ጣናን እያየሁ ያደግሁ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ውኃ አላውቅም» ይላሉ ጠያቂዋ። «ይህን ያህል ሀብታም አገር ግንብ ሠርቶ ባህሩን መከልከል ያቅተዋል? ካቃተውስ ሰዎቹ ካሳቸውን ተቀብለው ለምን አይነሡም? እኔስ ቅጹ ላይ ምን ብዬ ልሙላ?»

ከመካከለኛው ጥያቄ ልጀምር፤ የቁጣው ሥር ያለው እዚያ ነውና። ካሳ የሚባል ነገር የለም። በእንግሊዝ መንግሥት ለመንገድ ወይም ለባቡር ሐዲድ ብሎ ቤትዎን ቢወስድ በሕግ ካሳ ይከፍልዎታል፤ ባህሩ ሲወስደው ግን የመክፈል ግዴታ ያለበት ማንም የለም። ዳርቻን ስለመከላከል የወጣው የ1949 ሕግ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለአካባቢ ምክር ቤቶች መከላከያ የመሥራት ሥልጣን ሰጣቸው እንጂ ግዴታ አልጣለባቸውም። የቤት ኢንሹራንስም የጎርፍን ጉዳት ይሸፍናል፣ የዳርቻ መሸርሸርን ግን አይሸፍንም፤ ጎርፍ ለሚያሰጋቸው ቤቶች ኢንሹራንስ በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲገኝ በ2016 የተጀመረው ፍሉድ ሪ የሚባለው ሥርዓትም መሸርሸርን አይመለከትም። ቤቱ ከአፋፉ ጫፍ ሲደርስ መፍረስ አለበት፤ ለማፍረሻው በምክር ቤቱ በኩል እስከ 6,000 ፓውንድ የሚደርስ ድጎማ ይገኛል፣ ለቤቱ ዋጋ ግን አንዲት ፓውንድ አይታሰብም። የአገራችን ሰዎች ይህን ስነግራቸው ብዙ ጊዜ አያምኑኝም፤ መሬት የግል በሆነበት አገር ባለመሬቱ ከመሬቱ ጋር አብሮ መስጠሙ ለጆሮ እንግዳ ነው።

እንግዲህ በአንድ ጎዳና ላይ ሁለት ቤቶች ቢኖሩ፣ አንዱን ጎርፍ ቢያበላሸው ባለቤቱ ኢንሹራንሱን ተቀብሎ ያድሳል፤ ሌላውን መሬቱ ከሥሩ ቢከዳው ባለቤቱ የዕድሜ ልክ ቁጠባውን ያጣል፤ ብድር ካለበት ደግሞ ብድሩ ይቀጥላል። ሁለቱንም ያጠቃቸው ያው የሰሜን ባህር ነው። በስብሰባዎች ላይ ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚናገሩት ስለዚህ ልዩነት ነው። ባህሩን የሚረግም ሰው ብዙም አልሰማሁም።

«ግንብ ለምን አይሠራም?» ለሚለው ደግሞ፣ ይሠራል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ መንደር ነው። የምሥራቅ እንግሊዝ አውራጃዎች የሆኑት የኖርፎክና የሳፎክ ገደሎች ዐለት አይደሉም፤ በበረዶ ዘመን ግግር በረዶ ትቶት የሄደው ሸክላ፣ አሸዋና ጠጠር ናቸው። ሞገዱ ከሥር ይቦረቡራቸዋል፣ ዝናቡ ከላይ ሰርጎ ያላላቸዋል፣ ከዚያም አንድ ቀን ይናዳሉ። ከተናደው ውስጥ ሸክላው በውኃው ተበትኖ ይሄዳል፤ አሸዋውና ጠጠሩ ግን በሞገድ እየተገፋ ዳርቻ ለዳርቻ ይጓዝና በሌላ መንደር ፊት ይተኛል። ለዚያኛው መንደር ያ አሸዋ ከብዙ ግንብ የሚሻል ጋሻ ነው፤ ሞገድ ጉልበቱ የሚሟጠጠው በሰፊ አሸዋ ላይ ሲንከባለል ነውና። ስለዚህ የላይኛውን ገደል በድንጋይ ቢያሽጉት የታችኛው መንደር ስንቁ ተቋረጠበት ማለት ነው። ቦረቦር ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፦ ከላይ ያለው ገበሬ ጎርፉን ከማሳው በቦይ ሲመልስ ከታች ያለው ማሳ ይበላል፤ ሁለቱም ክፋት አላሰቡም፣ ሁለቱም ግን ሽማግሌ ፊት መቅረባቸው አይቀርም።

በዮርክሸር የሆልደርነስ ዳርቻ የታየው ይህ ነው። ያ ዳርቻ በዓመት በአማካይ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ መሬት ያጣል፤ ከሮማውያን ዘመን ወዲህ በርካታ መንደሮች ከነቤተ ክርስቲያናቸው ጠፍተውበታል። በ1991 ማፕልተን ለምትባል አነስተኛ መንደርና በአጠገቧ ለሚያልፈው መንገድ ሲባል ሁለት የድንጋይ ግድግዳዎች ወደ ባህሩ ተዘርግተው ተሠሩ፤ ወጪው ወደ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። አሸዋው ከግድግዳዎቹ መካከል ተከማቸ፣ መንደሪቱም ዳነች። ከእርሷ በስተደቡብ ባለው በካውደን በኩል ግን መሸርሸሩ ተፋጠነ፣ የእርሻ መሬትም ሄደ። ስለዚህ «ሕዝቡ ስለ ዳርቻ መከላከያ ምን ያስባል?» ተብሎ ሲጠየቅ «የትኛው ሕዝብ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የማፕልተን ነዋሪና የካውደን ገበሬ ስለ አንዱ ግድግዳ የሚሰጡት መልስ አንድ ሊሆን አይችልም።

የጎረቤቶችዎን ስሜት ከሁሉ በላይ የሚያስረዳው ግን በኖርፎክ ገደል ላይ ያለችው የሄይዝብራ መንደር ታሪክ ነው (እንግሊዞቹ ሲጽፉትና ሲጠሩት የማይገናኝ ስም ነው፤ የኖርፎክ ሰው ሲጠራው ከሰሙ በኋላ ብቻ ነው የሚያውቁት)። በጥር 31 ቀን 1953 ሌሊት የሰሜን ባህር በማዕበል ሞልቶ በእንግሊዝ 307፣ በኔዘርላንድ ደግሞ 1,836 ሰዎችን ገደለ። ከዚያ ድንጋጤ በኋላ በምሥራቁ ዳርቻ ሁሉ መከላከያ ተሠራ፤ ሄይዝብራም በ1950ዎቹ መጨረሻ ገደማ ሞገዱን የሚሰብር የእንጨት አጥር በገደሉ ሥር ተተከለላት። ለአንድ ትውልድ ያህል ገደሉ ቀስ አለ። ሰዎች ቤት ገዙ፣ አደሱ፣ ጡረታቸውን እዚያ ሊያሳልፉ መጡ። ይህን ልብ ይበሉ፤ አጥሩን የሠራው መንግሥት ነው፣ አጥሩን ያየ ሰውም ይህ ቦታ የሚጠበቅ ነው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አጥሩ በማዕበል እየተሰባበረ ሲሄድ ግን በምትኩ ሌላ አልተተከለም፤ የሚያድነው ንብረት ግምት ከወጪው ጋር ሲመዘን አልደረሰም። ቢች ሮድ የሚባለው ጎዳና ከጫፉ ጀምሮ ቤት በቤት ወደ ባህሩ ወረደ።

ነዋሪዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተግባር ቡድን አቋቋሙ፤ በኋላም ለመከላከያ የሚሆን ድንጋይ ለመግዛት ከሕዝብ ገንዘብ አሰባሰቡ። ይህ ለእነርሱ አዲስ ጠባይ አይደለም፤ በ1790 የተሠራው ነጭና ቀይ የፋና ማማቸው አያስፈልግም ተብሎ ሊዘጋ ሲል ከ1990 ጀምሮ ራሳቸው በማኅበር ይዘው እያበሩት ነው። እንዲህ ያሉትን ሰዎች «ለውጥን የሚፈሩ» ወይም «ሳይንሱን ያልተረዱ» አድርጎ መግለጽ በእኛ በዳርቻ ጉዳይ ባለሙያዎች ዘንድ ለረጅም ጊዜ የቆየ ስንፍና ነው፤ እኔም በመጀመሪያዎቹ የሥራ ዓመታቴ ከዚህ ስንፍና ነፃ አልነበርሁም። ከገደሉ አጠገብ ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው አሸዋው በየትኛው ነፋስ እንደሚሄድና በየትኛው እንደሚመለስ ከብዙዎቻችን የተሻለ ያውቃል። አንድ ቦታ ላይ ግን ልምዱ ያሳስተዋል። ባለሙያ «በዓመት 1 ሜትር» ብሎ አማካይ ይናገራል፤ ገደል ግን በአማካይ አይናድም። አሥር ዓመት ሳይነቃነቅ ይቆይና በአንድ ሌሊት ብዙ ሜትር ይወርዳል። ያን አሥር ዓመት ያየ ሰው አማካዩን አያምንም፤ ያቺን ሌሊት ያየ ሰው ደግሞ ማንኛውንም አኃዝ አያምንም።

አሁን ወደ ቅጹ እንቅረብ። የእንግሊዝና የዌልስ ዳርቻ በሙሉ «የባህር ዳርቻ አስተዳደር ዕቅድ» በሚባሉ ሰነዶች ተከፋፍሏል። የመጀመሪያዎቹ ዕቅዶች በ1990ዎቹ ወጡ፤ አሁን የሚሠራባቸው ሁለተኛዎቹ ደግሞ በ2010 አካባቢ ተዘጋጁ። ለእያንዳንዱ ቁራጭ ዳርቻ በሦስት ጊዜያት ከፍለው፣ ማለትም ለቅርቡ 20 ዓመት፣ እስከ 50 ላለውና እስከ 100 ላለው፣ ከአራት ፖሊሲዎች አንዱን ይሰጡታል፦ ያለውን መስመር መያዝ፣ መስመሩን ወደ ባህሩ ማስፋት፣ በዕቅድ ወደ ኋላ ማፈግፈግ፣ ወይም ጨርሶ ጣልቃ አለመግባት። ቃላቱ የጦር ሜዳ ሽታ እንዳላቸው ሳያስተውሉ አይቀሩም። ሦስተኛውን በእንግሊዝኛ ለማለዘብ ሲሉ «መስመሩን እንደገና ማስተካከል» ወደሚል አነጋገር ለውጠውታል፤ ሰው ግን አልተታለለም፣ በየስብሰባው ሽሽት እያለ ነው የሚጠራው። እኔም በአማርኛ ከማፈግፈግ የተሻለ ቃል አላገኘሁለትም።

እነዚህ ዕቅዶች በሕግ አስገዳጅ አይደሉም፣ በጀትም አብሮ አልተመደበላቸውም። የብሪታንያ መንግሥትን በአየር ንብረት ጉዳይ የሚያማክረው ኮሚቴ በ2018 ባወጣው ዘገባ ይህን በግልጽ ተችቷል። በዕቅዱ ካርታ ላይ «መስመሩን መያዝ» ተብሎ ቀለም የተቀባ ዳርቻ ያለው ሰው ግንቡ ይሠራል ብሎ ያምናል፤ ወረቀቱ ግን የምኞት መግለጫ ነው። «ጣልቃ አለመግባት» የተባለው ደግሞ ባህሩ ገና ሳይደርስ ይጎዳል፤ የቀለሙ መስመር በካርታው ላይ በተሰመረ ማግስት የቤቱ ዋጋ ይወርዳል፣ ባንክም ለገዢ ብድር አይሰጥም።

የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ በዌልስ የምትገኘው ፌርቦርን ናት። የእርሷ ችግር ከመሸርሸር ይልቅ ዝቅ ባለ ሜዳ ላይ መቀመጧና የጎርፍ ሥጋቷ ነው፤ የአመለካከቱ ጉዳይ ግን አንድ ነው። ዕቅዱ መከላከያዋ ለተወሰኑ አሥርተ ዓመታት ብቻ እንደሚጠበቅና ከዚያ ነዋሪው እንደሚነሣ አመለከተ፤ 2054 የሚለው ዓመትም ከመንደሪቱ ስም ጋር ተጣበቀ። ብዙ ነዋሪዎች ነገሩን በሚገባ የተረዱት በ2014 በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ነበር። ከዚያ በኋላ የቤት ዋጋ ወደቀ፣ ጋዜጦችም «የብሪታንያ የመጀመሪያዎቹ የአየር ንብረት ስደተኞች» ሲሉ ጠሯቸው፣ ነዋሪዎቹም መጠሪያውን ጠሉት። ውኃው እስከዚያ ድረስ አልገባባቸውም ነበር። የደረሰባቸው ጉዳት ሁሉ ከወረቀት የመጣ ስለሆነ፣ ቁጣቸው ወረቀቱን ወደጻፈው አካል መዞሩ ምን ያስገርማል?

በመጠይቅ የሚሰበሰበው አመለካከትስ ምን ያህል ይታመናል? በጥንቃቄ ማንበብ ይፈልጋል። «ዳርቻችን ሊጠበቅ ይገባል ይላሉ?» ብለው ቢጠይቁ አዎ የማይል ነዋሪ የለም። «የአካባቢ ግብርዎ ጨምሮም ቢሆን?» ብለው ሲቀጥሉ መልሱ ይቀንሳል፤ «ከታች ያለው መንደር አሸዋ ቢያጣም?» ሲባል ደግሞ ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ቅጹን የሚሞላውም ቤት ያለው፣ ጡረታ የወጣ፣ ጊዜ ያለው ሰው ነው፤ ተከራዩና በበጋ ሆቴል ውስጥ የሚሠራው ወጣት አይሞላም። የበዓል ቤት ያለው የለንደን ሰው ይሞላል። ከዚህ ሌላ፣ ሰዎች በዓይን የሚታይ መከላከያ ይመርጣሉ፤ ግንብና ድንጋይ «አንድ ነገር ተደረገልን» የሚል ስሜት ይሰጣሉ። ከባህሩ ወለል ተስቦ በዳርቻው ላይ የተነፋ አሸዋ ግን በመጀመሪያው ክረምት መቀነስ ሲጀምር «ገንዘባችን ታጥቦ ሄደ» ያሰኛል፣ ምንም እንኳ አሸዋው መጓዝ የሚገባው ቢሆንም።

ይህ የመጨረሻው አመለካከት ሊለወጥ እንደሚችል ከሄይዝብራ ብዙም በማይርቀው በባክተን ታይቷል። የአገሪቱ ጋዝ ሲሶ ገደማ የሚያልፍበት ማከፋፈያ በገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። በ2019 ወደ 1.8 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አሸዋ ከባህሩ ወለል ተስቦ በማከፋፈያውና በባክተንና በዎልኮት መንደሮች ፊት ተነሰነሰ፤ ሐሳቡ በ2011 ኔዘርላንዶች 21.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አሸዋ አንድ ቦታ ላይ ከቆለሉበት ሥራ የተቀዳ ነው። ለ15 እስከ 20 ዓመት ይበቃል ተብሎ ታስቧል። ከወጪው ትልቁን ድርሻ የቻሉት የጋዝ ኩባንያዎቹ ናቸው፤ መንደሮቹ ብቻቸውን ቢሆኑ ኖሮ የዋጋና የጥቅም ስሌቱ ፈጽሞ አይሞላላቸውም ነበር። የሄይዝብራ ሰው ይህን ሲያይ የሚያስበውን መገመት አይከብድም፦ ጋዝ ቢኖረን ኖሮ እንድን ነበር።

ኔዘርላንድን ከጠቀስሁ አይቀር፣ እዚያ ከ1990 ጀምሮ መንግሥት የዚያን ዓመት የዳርቻ መስመር ለመጠበቅ ቃል ገብቶ በየዓመቱ አሸዋ ይጨምራል። ሕዝቡም ስለ ባህሩ እምብዛም አይጨነቅም፤ የሚያምነው አካል አለና። የአገሪቱ ሰፊ ክፍል ከባህር ጠለል በታች ስለሆነ ግን ያ ምርጫ ለእነርሱ የህልውና ጉዳይ ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ ለንደን ያለ ግብር ከፋይ ስለ ኖርፎክ ገደል እንዲህ አይሰማውም። «ኔዘርላንድ ከቻለች እኛ ለምን አንችልም?» የሚለው ክርክር በየስብሰባው ይነሣል፣ መልሱም ከምሕንድስናው ይልቅ እዚህ ላይ ነው ያለው።

«ለምን አይነሡም?» ላሉት፣ የሚነሡበት ሲሰጣቸው የሚነሡ ብዙ ናቸው። በ2009 መንግሥት ለ15 የአካባቢ አስተዳደሮች 11 ሚሊዮን ፓውንድ ለሙከራ ሲመድብ ሰሜን ኖርፎክ ወደ 3 ሚሊዮኑን አገኘ። በዚያ ገንዘብ በቢች ሮድ ጫፍ የነበሩ 9 ቤቶች ከባለቤቶቻቸው ተገዝተው ፈረሱ፤ ዋጋቸውም አደጋው ካወረደው በላይ፣ አደጋ ከሌለበት ቤት ግን በታች ነበር። የመኪና ማቆሚያውና ወደ አሸዋው የሚያወርደው መንገድ ወደ ውስጥ ተዛወሩ፣ ቤታቸውን የሚያጡ ሰዎችም ወደ ውስጥ ገባ ብለው ምትክ እንዲሠሩ የሚፈቅድ የፕላን ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። ገደሉን ማንም አላስቆመውም፤ ሰዎቹ ግን የተሻለ ማጣት አጡ። በ2022 ደግሞ በዋናነት ለሰሜን ኖርፎክና ለምሥራቅ ዮርክሸር 36 ሚሊዮን ፓውንድ ለተመሳሳይ ሥራ ተመደበ። በተቃራኒው በኖርፎክ ዳርቻ የምትገኘውን የሄምስቢን መንደር ያዩ ሰዎች አሉ፤ በታኅሣሥ 2013፣ በ2018 እና በ2023 ማዕበሉ ሲመጣ ሰዎች ዕቃቸውን በሌሊትና በጥድፊያ ከአሸዋው አፋፍ ላይ እያወጡ ቤታቸው ሲፈርስ ቆመው ተመለከቱ። ሁለቱም ማፈግፈግ ይባላሉ።

በሜድሜሪ፣ በደቡቡ ዳርቻ፣ ሕዝቡ መጀመሪያ በጽኑ የተቃወመው በዕቅድ የተደረገ ማፈግፈግ በ2013 ተጠናቋል፤ ባህሩ ወደ 183 ሄክታር መሬት ላይ እንዲገባ ተለቆ፣ ከኋላው 7 ኪሎ ሜትር የሚሆን አዲስ የአፈር ግድብ ተሠራ። የነዋሪዎች ተወካዮች ከንድፉ ጀምሮ ተቀምጠው ነበር። የሰዉን ተቃውሞ ያለዘበው ከኋላ አዲስ ግድብ መኖሩ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ወደ ኋላ ሂዱ ሲባሉ የሚቆሙበት ቦታ ታያቸው።

ስለዚህ ቅጹን ይሙሉት። ሣጥኖቹ ውስጥ ምልክት ከማድረግዎ በፊት ግን የዳርቻዎ ቁራጭ በአሁኑ ዕቅድ ከአራቱ የትኛው እንደተሰጠው ከምክር ቤቱ ይጠይቁ፣ ለሦስቱም ጊዜያት። «መስመሩን መያዝ» ከሆነ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ በአስተያየት መስጫው ላይ ይጻፉ፤ «ጣልቃ አለመግባት» ከሆነ ደግሞ ቤታቸውን ለሚያጡ ሰዎች፣ ተከራዮችንም ጨምሮ፣ ምን እንደታሰበና ምትክ ቦታ የት እንደተያዘ ይጠይቁ። እርስዎ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ከሆነ ይህንኑ ይጥቀሱ፤ የእርስዎን ዓይነት መልስ ብዙ አያገኙም። ስለ ታችኛው መንደርም አንድ መስመር ይጨምሩ፤ በዳርቻው ከእርስዎ ቀጥሎ ያለው ሰውም ይህን ቅጽ ደርሶት ሊሆን ይችላል። ቀደው የጣሉት ጎረቤቶችዎ ደግሞ ሌላ ቅጂ መጠየቅ ይችላሉ፤ ቀኑ ሳያልፍ ይንገሯቸው።